የሞተሪኖ ነገር

በአሜሪካ አገር አሮጌ አውቶሞቢል የወረሰ ሰው ሞተሪኖው ሲቃጠልበት «ሼቭሮሌት ለሼቭሮሌት ይሆናል» እያለ ወደ መለዋወጫ መደብር ይሮጣል። እኛ ግን በቅድሚያ ጥርስ ይቆጠር እንላለን።

ካዲላክ በ1912 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኤሌክትሪክ ማስነሻ ካቀረበ ወዲህ ማኖቬላ ክንድ መስበሩ እየቀረ ሄዷል፤ ኪስ መጉዳቱ ግን አልቀረም። ባለ ስምንት ሲሊንደር በሆነው በትንሹ የሼቭሮሌት ሞተር ላይ የሚገጠመው ቮላኖ አንዱ 153፥ ሌላው 168 ጥርስ አለው። ለ153ቱ የተሠራው ሞተሪኖ ሁለት ብሎኖቹ በአንድ መስመር ትይዩ ሲሆኑ፥ የ168ቱ ግን አንዱ ከሌላው ገደድ ብሎ ይቀመጣል። ከ1955 እስከ 1957 የተሠሩት ደግሞ ከሞተሩ አካል ጋር ሳይሆን ከቮላኖው መሸፈኛ ጋር ይታሰሩ ስለ ነበር፥ የኋለኛውን ዘመን አምጥቶ መታገል ከንቱ ድካም ነው።

ቮልቱም ይታይ። ሼቭሮሌት በ1955፥ ፎርድ በ1956 ከ6 ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። ባለ 6ቱ በ12 ባትሪ ይሠራል፥ እንዲያውም ፍጥነቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በኃይል እየተወረወረ የቮላኖውን ጥርስ ይበላዋል። ቮላኖ ለመለወጥ ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ የዚያን ጊዜ የእጅ ዋጋው ከሞተሪኖው ሊበልጥ ይችላል።

አሮጌውን ሳይጥሉ ይዞ መሄድ፥ ከአዲሱ ጎን አጋድሞም ብሎኑንና አፍንጫውን ማስተያየት ይሻላል፤ ሻጩ ቢሰለችም።