ርካሽም ይሁን፣ አይነቃነቅ

ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ውስጥ የሐበሻ ሠርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። ካሜራ የገዛ ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ ትራይፖድ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፤ ባለ 3 ተመዛዥ ክፍል እግር ከባለ 5ቱ ይጠነክራል፤ መጋጠሚያው ሲበዛ ይላላል፣ የታችኛውም ይቀጥናል። ሱቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዘርጉትና አናቱን ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ከተወላገደ ለሻጩ መልሱለት። ካርቦን ፋይበር ይቀላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም፤ አልሙኒየም ይበቃል። የሚሸከመው ክብደት የካሜራውና የሌንሱ ድምር እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ድግሱ ብዙ ጊዜ ሣር ላይ ነው። ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር የአንዱን እግር ጎማ ቀስ እያለ ይውጠዋል፣ ሙሽሮቹም በቪዲዮው ወደ ጎን ያዘነብላሉ! ስለዚህ ሦስቱንም እግር አስቀድማችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ የመሀሉን ዘንግ ካልቸገራችሁ አታውጡት። ያገለገለም አትናቁ፤ መቆለፊያው የሚንሸራተተውን ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።