ተማሪው ራሱን የሚያይበት መስተዋት

መግቢያ

መጽሔት የሚለው ቃል በግዕዝ መስተዋት ማለት ነው። ዛሬ በየጊዜው እየታተመ ለሚወጣ ጽሑፍ መጠሪያ የሆነው፣ አንባቢው የራሱንና የዘመኑን ሁኔታ ይመለከትበታል ከሚል አሳብ ይመስላል። ቃሉ አንድ ቁም ነገር ያስታውሳል። ሰው የሌላውን ፊት ዘወትር ያያል፤ የራሱን ፊት ግን ሌላ ነገር መልሶ ካላሳየው በቀር ሊያይ አይችልም። መልሶ የሚያሳየውም የረጋ ውኃ፣ መስተዋት፣ ፎቶግራፍ ወይም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መስተዋትና ነጸብራቅ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት እንዴት እንደሚቀርጹ መግለጽና ከዚህም ለመምህሩ ሥራ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው። ለአብነት የተወሰደው ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የሚገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ይጁቤና አካባቢው ነው።

በይጁቤ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ያደገች ልጃገረድ ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ ከተማው መጣች እንበል። በወላጆቿ ቤት መስተዋት ቢኖር የእጅ መዳፍ የምታክል ናት፤ በእርሷም ዓይንን ወይም ጥርስን ለይቶ ማየት እንጂ መላ አካልን ማየት አይቻልም። ሹሩባዋን የምትሠራት ጎረቤት ናት፤ ሹሩባው አምሮ እንደ ሆነ የምታውቀውም ከሠሪዋና ከእናቷ አፍ ነው። ከተማ ስትገባ ግን የሱቅ መስኮት፣ የፀጉር ቤት ትልቅ መስተዋት፣ የጓደኛ የእጅ ስልክ በየአቅጣጫው ምስሏን ያሳዩአታል። መላ አካሏን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ የምታይበት ጊዜ፣ ከከተማ ልጆች ጋር ራሷን ማወዳደር የምትጀምርበትም ጊዜ ነው። ክፍል ውስጥም ሌላ መስተዋት ይጠብቃታል፤ እርሱም መምህሩ ነው።

1. መስተዋት በእርግጥ የሚያሳየው ምንድን ነው?

የሰው ልጅ በሠራው መስተዋት መጠቀም የጀመረው ከጥንት ጀምሮ ነው። በዛሬዪቱ ቱርክ ቻታልሆዩክ በተባለው ሥፍራ ከእሳተ ገሞራ ከሚገኝ ጥቁር ባልጩት ተፍቀው የተሠሩ፣ 8 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው መስተዋቶች ተገኝተዋል። ከዚያም በኋላ የተወለወለ መዳብና ነሐስ ለብዙ ዘመናት አገልግሏል። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው መስተዋት ሊስፋፋ የቻለው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ መስተዋትን በስስ ብር የመለበጥን ዘዴ ካገኘ በኋላ ነው። እንግዲህ አብዛኛው ሕዝብ የፊቱን ጥርት ያለ ምስል በየማለዳው ማየት ከጀመረ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላም።

መስተዋት እውነቱን ይናገራል ተብሎ ይታመናል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ምስል ከባለቤቱ በልዩ ልዩ መንገድ ይለያል። በመጀመሪያ፣ ቀኝና ግራን ይለዋውጣል የሚባለው በትክክል ሲመረመር ስሕተት ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ በመስተዋት ፊት የቆመ ተማሪ በምሥራቅ በኩል ያለውን እጁን ቢያነሣ፣ ምስሉም በምሥራቅ በኩል ያለውን እጅ ያነሣል። የተለወጠው የፊትና የኋላ አቅጣጫ ነው፤ ተማሪው ወደ ሰሜን ሲያይ ምስሉ ወደ ደቡብ ያያል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰው መላ ቁመቱን ለማየት የሚያስፈልገው መስተዋት የቁመቱ እኩሌታ ብቻ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ተማሪ በትክክለኛው ከፍታ የተሰቀለ 80 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ይበቃታል፤ ወደ ኋላ ብትርቅም መጠኑ አይለወጥም። በእንፋሎት የደበዘዘ መስተዋት ላይ የፊቱን ዙሪያ በጣቱ የሚስል ሰው፣ ሥዕሉ የፊቱ እኩሌታ ሆኖ ሲያገኘው የሚደነቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ የፊዚክስ እውነት ከስሜት ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድን ሰው ፎቶግራፍ በሁለት ዓይነት፣ እንዳለና ተገልብጦ አሳትመው አወዳደሩ። ባለ ፎቶግራፎቹ በመስተዋት እንደሚያዩት የተገለበጠውን፣ ወዳጆቻቸው ግን ዘወትር እንደሚያዩዋቸው ያልተገለበጠውን ወደ መምረጥ አዘነበሉ። ሰው የሚለምደውን ምስል ይወዳል ማለት ነው። ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው «ይህ እኔን አይመስልም» የሚለውም አንድም ከዚህ የተነሣ ነው። በእጅ ስልክ በቅርብ የሚነሣው ምስል ደግሞ ሌላ ማዛባት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ስሌት እንዳመለከተው፣ ከፊት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ የተነሣ ፎቶግራፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። በአፍንጫዋ የምታፍር ተማሪ የምታፍረው በርቀቱ ምክንያት በተፈጠረ ምስል ሊሆን ይችላል።

2. ሕፃን ራሱን በመስተዋት የሚያውቀው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1970 ጎርደን ጋለፕ የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ቺምፓንዚዎችን ለጥቂት ቀናት ከመስተዋት ጋር ካለማመደ በኋላ፣ በማደንዘዣ አስተኝቶ ከቅንድባቸውና ከጆሮአቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። እንስሳቱ ነቅተው መስተዋቱን ሲያዩ እጃቸውን ወደ መስተዋቱ ሳይሆን ወደ ራሳቸው ቅንድብ ሰደዱ። ቀጥሎም ከወገኖቻቸው ተነጥለው ያደጉ ቺምፓንዚዎች በዚሁ መንገድ ሲፈተኑ፣ ራሳቸውን የማወቅ ምልክት ሳያሳዩ ቀሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከፍ ያለ ነው፤ መስተዋቱ ብቻውን አልበቃም። ሌላውን ሳያይ ያደገ ፍጡር ራሱን ለይቶ ማየት ተስኖታል።

በሕፃናት ላይም ተመሳሳይ ፈተና ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቢውላ አምስተርዳም ከ3 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸውን 88 ሕፃናት አፍንጫቸው ላይ ቀይ ነጥብ አስነክታ በመስተዋት ፊት አቆመች። በዕድሜ ያነሱት ምስሉን እንደ ሌላ ሕፃን ቆጥረው ሲስቁለትና ሲጨብጡት፣ ከ20 ወር በላይ የሆኑት አብዛኞቹ ራሳቸውን እንዳወቁ አሳዩ።

ይሁን እንጂ ይህ ፈተና በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጠም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በኬንያ ከተፈተኑት ከ18 እስከ 72 ወር ዕድሜ ካላቸው 82 ልጆች መካከል ምልክቱን የነኩት 2 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጸጥ ብለው ምስላቸውን ይመለከቱ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ራሱን አያውቅም ማለት ግን ዘበት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ውጤቱን የተረጐሙት በልጆቹ ላይ ሳይሆን በፈተናው ላይ ነው፤ ዝምታው የዕውቀት ጕድለት ሳይሆን በማያውቁት ሁኔታ ፊት የተጠበቀ ጨዋነት ሊሆን እንደሚችል አስገነዘቡ።

ይህ ነጥብ ለጎጃም መምህር እንግዳ አይሆንበትም። በአካባቢው ባህል ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሲጠየቅም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከላይ የተጠቀሰችው ልጃገረድ በመምህሩ ስትጠራ ተነሥታ ዓይኗን ወደ መሬት ብትጥል፣ ቤተ ሰቧ ያስተማራትን አክብሮት መፈጸሟ ነው። መምህሩ ይህንኑ እንደ አለማወቅ ቆጥሮ በመዝገቡ «ደካማ» ብሎ ቢጽፍ ግን፣ የእርሷን ጨዋነት ስንፍና አድርጎ መልሶ አሳያት።

3. ሰው ለሰው መስተዋት ሲሆን

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚይዘው አሳብ በሦስት ደረጃ እንደሚገነባ ገልጧል። በመጀመሪያ ለሌላው ሰው እንዴት እንደሚታይ ያስባል፤ ቀጥሎ ያ ሰው ያየውን እንዴት እንደሚፈርደው ይገምታል፤ በመጨረሻም ከዚያ ግምት ኩራት ወይም ኀፍረት ይሰማዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወሳኙ የሌላው ትክክለኛ ፍርድ ሳይሆን ባለቤቱ የገመተው ፍርድ መሆኑ ነው።

በጎጃም ምድር ታሪኩ የተመሠረተው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ልቦለድ፣ ይህን ጉዳይ በግልጥ ያሳያል። የመኳንንቱን ልማድ የሚነቅፈው የተማረ ሰው ካሣ፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ ዕብድ ተቆጥሮ «ጉዱ ካሣ» ተብሎ ይጠራል፤ የተናገረውን ከመመርመር ይልቅ ስሙን መጥራት ይቀላልና። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ቅጽል ስምን የሚያወጣው ግን ሰው ነው።

ከልቦለድ ውጭም የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ፣ የፋቂና የሸክላ ሠሪ ልጆች በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ክብደት ያመለክታል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ዓይንን መከልከል ግን አይችልም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ከጎኑ የሚቀመጥ ጓደኛ ሲያጣ፣ ስድብ ሳይሰማ ራሱን በሌሎች ዓይን ያያል። በይጁቤም ሆነ በሌላ ከተማ የገጠር ልጅ «ባላገር» እየተባለ ሲሾፍበት የሚደርስበት ይኸው ነው።

መስተዋት የሚጎዳ ብቻ አይደለም፤ ለመልካም ጠባይም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በቡሄ ልጆቻችን ሙልሙል እንደሚቀበሉ ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ የሚቀበሉ ልጆችን ተከታተለ። አንድ ብቻ ውሰዱ ተብለው ብቻቸውን ሲተዉ፣ አስቀድመው ስማቸውን የተጠየቁትና ከሣሕኑ በስተኋላ በቆመ መስተዋት ራሳቸውን ያዩት ልጆች ከተፈቀደላቸው በላይ የወሰዱት ያነሰ ጊዜ ነው። ማንነቱ የታወቀለት ልጅ ራሱን ሲያይ ኅሊናውንም ያያል ማለት ይቻላል።

4. መምህሩ መልሶ የሚያሳየው ምስል

ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ 20 በመቶ ያህሉን በዕጣ መርጠው፣ በዓመቱ ውስጥ ፈጣን ዕድገት ያሳያሉ ብለው ለመምህራኑ ነገሩ። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል የነበሩት ዕጣ የደረሳቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል አሳዩ። ጥናቱ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል፤ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎችም የመምህር ግምት የሚያስከትለው ለውጥ በአማካይ አነስተኛ መሆኑን አረጋግጠዋል። ነገር ግን ይኸው ለውጥ ከድኻ ቤተ ሰብ በመጡና በኅብረተሰቡ ዝቅ ተደርገው በሚታዩ ልጆች ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሌላ መስተዋት የሌለው ልጅ በመምህሩ ይበልጥ ይመካል።

ሁለተኛው ማስረጃ አስተያየት አሰጣጥን ይመለከታል። ክሉገርና ደኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ለሠራተኛም ሆነ ለተማሪ የሚሰጥ አስተያየት በአማካይ ሥራን ሲያሻሽል፣ ከሲሶ በላይ በሆኑት ሁኔታዎች ግን ሥራውን ይበልጥ እንዳበላሸ አገኙ። እንደ እነርሱ ማብራሪያ፣ የአስተያየቱ ኃይል የሚቀንሰው የተቀባዩ አሳብ ከሥራው ርቆ ወደ ራሱ ማንነት ሲዞር ነው።

ይህን መለየት የጎጃም የቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረውን ለይቶ ያርመዋል። የሚታረመው ቅኔው ነው፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል።

5. በክፍል ውስጥ ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባራት

ሀ) በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ጠፍጣፋ መስተዋትና ሜትር ይዞ መላ ቁመትን ለማየት የሚያስፈልገውን መጠን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲለኩ ማድረግ። መስተዋት ካልተገኘ ጥቁር ገበቴ ውስጥ የረጋ ውኃ ነጸብራቅን ለማስተማር ይበቃል።

ለ) በሥዕል ክፍለ ጊዜ፣ ተማሪው በመጀመሪያ ፊቱን በእጁ ዳስሶ፣ ቀጥሎ በመስተዋት አይቶ እንዲሥል፤ በመጨረሻም ጎረቤቱ እንዲሥለው ማድረግ። ሦስቱ ሥዕሎች አለመመሳሰላቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ የትኛውም ምስል መላውን ሰው እንደማይዝ ያሳያልና። ሥዕሎቹን በውበት ማወዳደር ግን አይገባም።

ሐ) ደብተር ሲታረም፣ «ሰነፍ ነህ» ከማለት ይልቅ የተሳሳተውን ቦታ ማመልከትና የሚቀጥለውን እርምጃ መጻፍ።

መ) ዝም የሚል ተማሪን በሕዝብ ፊት ደጋግሞ ከመጠየቅ በፊት፣ ለብቻው ወይም በጽሑፍ የሚያውቀውን እንዲገልጥ ዕድል መስጠት።

ሠ) በመምህራን ማሠልጠኛ፣ ዕጩ መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንቱን ተማሪ በስሙ እንደ ጠራ፣ ዓይኑ በየትኛው ረድፍ ላይ እንደ ቆየ ባልደረባው መዝግቦ እንዲያሳየው ማድረግ። መምህሩም እንደ ማንኛውም ሰው የራሱን ፊት አያይምና፣ ለእርሱም መስተዋት ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ከተነገረው እንደሚታየው፣ መስተዋት ሁሉ የሚያሳየው ከፊል እውነት ነው፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ያሰፋል። ሕፃን ከሁለተኛ ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በመስተዋት ፊት ራሱን ይለይ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ የሚማረው ከሚያዩት ሰዎች ነው። የብርጭቆው መስተዋት ባለቤቱ ዘወር ሲል ምስሉን አያስቀርም፤ «ደካማ» የምትለው ቃል ግን ከመዝገቡ ወደ ልጅቷ አሳብ ተሻግራ፣ ትምህርቷን ትታ ወደ መንደሯ ከተመለሰችም በኋላ አብራት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ከይጁቤ ዙሪያ መጥታ አንገቷን ደፍታ የቆመችውን ተማሪ የሚያስተምር መምህር፣ በመዝገቡ ላይ ቃሉን ከማስፈሩ በፊት ወደ ዴስኳ ጠጋ ብሎ በደብተሯ የጻፈችውን ቢያነብ፣ የሚያሳያት ምስል ወደ እውነቱ ይቀርባል።