ውርጭ የማይገታው የጓሮ አትክልት

በደጋው አገር «ቦታው ብርድ ነው፤ አትክልት አይሆንም» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። አባባሉ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለድንች እውነትነት አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የእነዚህን ቅጠል አጥቁሮት ያድራል። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ግን ብርዱን ይችሉታል። ካሮትማ ብርድ ሲነካው በውስጡ ያለው ስኳር ስለሚጨምር ይበልጥ ይጣፍጣል።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የደብረ ብርሃን አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። አገሩ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ አዲሱ ገብስ ሳይደርስ የሚገፉት ሐምሌና ነሐሴ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ናቸው። በግንቦት መጨረሻ በጓሮ የተዘራ የአበሻ ጎመን ለእነዚህ ወራት ይደርሳል። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የጥቅል ጎመን ችግኝ በሐምሌ መጨረሻ ተፈልቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው፣ መሬቱ እርጥበት ሳያጣ፣ በመስከረም ይዛወራል። ካሮት ግን ማዛወር አይወድም፤ በቦታው ተዘርቶ ሲበቅል በአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት መሳሳት አለበት።

አፈሩ ዋልካ በሆነበት ቦታ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ለጋ ችግኝ ማታ ማታ በሣር ቢሸፈን ከውርጭ ይድናል። ውሃ የሚጠጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ዕቃ የታጠበበት ውሃ፣ ሳሙና ካልበዛበት፣ ለአንድ ሁለት መደብ ይበቃል።

ዋናው ችግር ብርዱ ሳይሆን ፍጉ ነው። እንጨት ባነሰበት ደጋ ከበረት የሚወጣው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ወደ ከተማ ተወስዶም ይሸጣል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ምድጃው ባዶ ሊያድር አይችልም። ሆኖም ለኩበት የማይሆን ነገር በየቤቱ አለ፤ ሽንት የጠጣ ጭድ፣ የበረት ጥራጊ፣ አመድና የአረም ቅጠል። ይህን በጉድጓድ አጠራቅሞ፣ እያገላበጡ ለወራት በማቆየት ጥሩ ብስባሽ ማግኘት ይቻላል። በብርድ አገር መብሰሉ ስለሚዘገይ ለመስከረም መደብ የሚሆነው ቢያንስ ከመጋቢት ጀምሮ ቢጠራቀም ይሻላል። ያልበሰለ ፍግ ካሮት ላይ ከተደረገ ሥሩ ይሰነጣጠቃል፤ ጣት ጣት እያወጣም ይበቅላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። አዝመራው ተሰብስቦ ከብቱና በጉ በየሜዳው ሲለቀቅ፣ በመስከረም የተተከለው ጎመን ገና መጠቅለል መጀመሩ ነው። አጥር የሌለው ጓሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት አንዴ የሞከረ ገበሬ ዳግመኛ አይሞክርም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከመኸሩ በፊት ስብሰባ ጠርተው፣ ከብት በየትኛው ሜዳ እንደሚሰማራ፣ በማን እንደሚጠበቅና ጓሮ ለበላ ከብት ባለቤቱ ምን እንደሚክስ ማስወሰን ይኖርባቸዋል። እማወራዎችም በስብሰባው ሊገኙ ይገባል፤ ጓሮውን በአብዛኛው የሚንከባከቡት እነርሱ ናቸውና።

የካሮትና የጥቅል ጎመን ዘር በገበሬው ጓሮ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ መሪዎቹ የየቤቱን ፍላጎት አስቀድመው መዝግበው በአንድነት ቢያስገዙ ወጪው ይቀላል። የአበሻ ጎመን ግን መግዛት አያሻውም። ቅጠላቸው ያማረ ጥቂት እግሮች ሳይቀነጠቡ አብበው ፍሬ እስኪይዙ ይተዋሉ። የደረቀው ፍሬ ተወቅቶ ከፊሉ ለግንቦት ዘር ይቀመጣል፤ የተረፈው ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።