ፒልስ ሲቀየር ቀን አይዘለል

አጠና ተራ ወይም 18 ማዞሪያ አካባቢ ወዳለ መድኃኒት ቤት ገብተሽ የለመድሽውን ፒልስ ስትጠይቂ “እሱ አልቋል፣ ይኼኛውን ውሰጂ” ልትባዪ ትችያለሽ። የስሙ መለወጥ አያስጨንቅሽ፤ የሚያሰጋው በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ባዶ ቀን ነው። አንዳንድ እህቶች አዲሱን ለመጀመር የወር አበባ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ያልታሰበ እርግዝና የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

አብዛኛው ጥምር ፒልስ 28 ፍሬ አለው። 21ዱ ሆርሞን የያዙ ሲሆኑ ቀሪዎቹ 7፣ ብዙ ጊዜ ቡናማዎቹ፣ ሆርሞን የላቸውም። ሆርሞን ሳይወሰድ ከ7 ቀን ካለፈ እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የአሮጌውን የመጨረሻ ባለሆርሞን ፍሬ በዋጥሽ ማግስት የአዲሱን ባለሆርሞን ፍሬ ጀምሪ። ቡናማዎቹን ጨርሰሽ ከሆነም በማግስቱ ጀምሪ፤ አንድም ቀን አትጨምሪ። ሳታቋርጪ ስትወስጂ ከቆየሽ ሌላ መከላከያ አያስፈልግሽም። ቀን ካለፈሽ ግን ለ7 ቀን ባለቤትሽ ኮንዶም ይጠቀም።

የእሽጉንም ጀርባ አንብቢ። በሁለቱም ላይ “ኢቲኒል ኢስትራዲዮል 0.03፣ ሊቮኖርጀስትሬል 0.15 ሚሊ ግራም” ተጽፎ ከሆነ መድኃኒቱ ያው ነው። ከማቅለሽለሽ ለመሸሽ ስም ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል። ይህ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ፒልሱን ለማቋረጥም ምክንያት አይሆንም። ሐይድ ነው ወይስ ኢስቲሓዳ፣ ሶላቱስ እንዴት ይሁን የሚለውን ግን ቀኖቹን መዝግበሽ ዑለማ ጠይቂ፤ ይህ የመድኃኒት ቤት ጥያቄ አይደለም። በረመዳን ፒልሱን ከኢፍጣር ጋር ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱ ጥቂት ቢሸጋሸግ አያሰጋም፣ ቀኑ ብቻ አይዘለል።

የደም ግፊትሽ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የምታጠቢው ሕፃን 6 ወር ካልሞላው፣ ከዚህ ቀደም ደም ሥርሽ ውስጥ ደም ረግቶ ከነበረ ወይም ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ጥምር ፒልስን በሌላ ጥምር ፒልስ መተካት መፍትሔ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሌላ ዓይነት መከላከያ ጠይቂ። ፒልስ እየወሰድሽ አንድ ባትሽ በድንገት ካበጠና ካመመሽ ወይም ደረትሽን ወግቶ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ፒልሱን አቁመሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂጂ።