የአንድ በር ገበያ

የገበያ ጥቅሙ ሻጭና ገዥ በነጻነት ተገናኝተው፥ ዋጋ ተነጋግረው፥ ተስማምተው እንዲለያዩ ነው። የገበያው ባለቤት ቦታውን ስላዘጋጀና ጸጥታውን ስለ ጠበቀ ዋጋ ቢቀበል የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን በሩ አንድ ብቻ ሲሆን፥ ቁልፉም በአንድ እጅ ሲገኝ፥ ኪራይ የነበረው ቀረጥ ይሆናል። ይህም በዘመናችን በእጅ ስልክ ገበያ ላይ በግልጥ ታይቷል።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአይፎን ስልክ ላይ የሚጫኑ መተግበሪያዎች የሚገኙበትን አፕ ስቶር የከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። መተግበሪያውን መርምሮ ስለሚያስገባና ገንዘቡን ስለሚሰበስብ ከሽያጩ ከመቶ 30 እጅ ኮሚሽን ይወስድ ጀመር፤ ከ2021 ወዲህም ገቢያቸው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማይበልጥ ሠሪዎች ወደ 15 ዝቅ አደረገው። ዳሩ ግን ባለስልኩ ከሌላ ገበያ እንዳይወስድ ተከለከለ፤ ሠሪውም በሌላ ስፍራ በርካሽ ቢሸጥ እንኳ ይህን በመተግበሪያው ውስጥ ለገዥው እንዳያመለክት ታገደ። ከኮሚሽኑ ይልቅ የከበደው ይህ ዝምታ ነው፤ ሌላ ዋጋ መኖሩ ያልተነገረው ገዥ መርጦ ገዛ አይባልምና።

ፎርትናይት የሚባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ኦገስት 13 ቀን 2020 በጨዋታው ውስጥ የራሱን መክፈያ አግብቶ፥ በቀጥታ ለሚከፍል ሰው ዋጋ ቀነሰ። አፕልም በዚያው ዕለት ጨዋታውን ከገበያው አስወጣ፤ ኤፒክም ወዲያው ከሰሰ። ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ በ2021 ከ10ሩ የኤፒክ ክሶች በ9ኙ ለአፕል ፈረዱ፤ ዝምታን የሚያስገድደው ደንብ ግን እንዲሻር አዘዙ።

በጃንዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አልቀበልም ባለ ጊዜ ትእዛዙ ጸና። አፕልም የታዘዘ መስሎ፥ በውጭ በሚፈጸመው ሽያጭ ላይ እስከ ከመቶ 27 የሚደርስ ኮሚሽን ጣለ፤ ገዥውን የሚያስፈራ ማስጠንቀቂያም በመንገዱ ላይ አቆመ። የገንዘብ ማስተላለፊያውን ወጪ ራሱ ለሚችል ሠሪ የ3 እጅ ቅናሽ ምን ይረባዋል? ስለዚህ ዳኛይቱ ኤፕሪል 30 ቀን 2025 አፕል ትእዛዙን ሆን ብሎ እንደ ጣሰ ወስነው ኮሚሽኑን አገዱ፤ ነገሩም በወንጀል እንዲመረመር ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፉ። የይግባኙ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2025 ጥፋቱን አጸና፤ ነገር ግን አፕል ምንም ዋጋ እንዳይቀበል መከልከሉን አልደገፈም። ይህም ፍርድ የሁለቱንም ወገን መብት ይጠብቃል፤ ባለ ገበያው የድካሙን ዋጋ ይቀበል፥ የጎረቤቱን ዋጋ ግን አይሸፍን ማለት ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ክስን ሳይጠብቅ አስቀድሞ በሕግ ደነገገ። ከማርች 7 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት በአይፎን ላይ ሌሎች የመተግበሪያ ገበያዎች እንዲከፈቱ ተገደደ፤ በኤፕሪል 2025ም አፕልን ስለዚሁ የዝምታ ደንብ በ500 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

እንግዲህ ገበያን በሕግ ለማስተዳደር ኃላፊነት ያለባቸው ሁሉ ከዚህ ሊያስተውሉት የሚገባው ትእዛዝ መስጠት የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው። ከ30 ወደ 27 የወረደው ኮሚሽን የትእዛዙን ቃል ተቀብሎ ፍሬውን አስቀርቶ ነበር፤ ያን የገለጠው ግን አዲስ ሕግ ሳይሆን ፍርዱን እስከ አፈጻጸሙ ድረስ የተከታተለ የዳኛ ዓይን ነው።