ብርዱ ወይስ የተዘጋው ሳሎን? የሕፃን ልደት የት ይከበር?

ተረት፦ «ደሴ ብርድ ናት፤ የሕፃን ልደት በር ተዘግቶ ነው የሚከበረው።»

ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ ዓመት ሲሞላው የሚሆነውን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ግቢው ባዶውን እያለ ሃያ ሠላሳ ሰው ሳሎን ውስጥ ይታጨቃል። መስኮቱ በመጋረጃና በፊኛ ተሸፍኗል። ቄጠማው ላይ ረከቦቱ ቀርቧል፤ ከሰሉ ከአቦል እስከ በረካ ሳይነሳ ይቆያል፣ እጣኑም ይጨሳል። አንዱ ታፍኖ በሩን ገርበብ ሲያደርግ «ኧረ ዝጉት፣ ልጁን ብርድ ይመታብናል!» የሚል ድምፅ ከጥግ ይነሳል። ባለ ልደቱ ፊቱ ቀልቶ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ ኬኩ ሳይቆረስ እናቱ ትከሻ ላይ ይዝለፈለፋል። «ደከመው» ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ «ደከመው» ነው።

እውነታው፦ የተያያዘ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። «ከሰሉ ጠርቶ ከቀላ አይጎዳም» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ» ይላል። የዓመት ልጅ ግን ወይ ያለቅሳል ወይ ይተኛል፤ እኛም ደከመው እንላለን።

በርግጥ የብርዱ ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይ ዘወር ስትል የጦሳ ተራራ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሕፃንም ከአዋቂ ፈጥኖ ሙቀቱን ያጣል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ መቀመጥ የለበትም። አያቶቻችን «ልጁን ሸፍኑት» ማለታቸው ልክ ነው። ስህተቱ ልጁን መሸፈን ሲገባን ቤቱን መድፈናችን ነው።

ጉንፋንንም ቢሆን የሚያስይዘው ቫይረስ ነው፤ ዓይነቱም ከ200 በላይ ነው። ብርድ የአፍንጫን መከላከያ ያዳክማል የሚሉ ጥናቶች ስላሉ ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ቫይረሱን ግን ነፋስ አይፈጥረውም፤ የሚያመጣው እንግዳ ነው፣ የሚያከማቸውም የተዘጋ ክፍል ነው። ኩፍኝም እንዲሁ ነው፤ ቫይረሱ ያሳለው ሰው ከወጣም በኋላ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ እንግዲህ ሁለተኛውን ገና አልወሰደም፤ እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው በተዘጋ ቤት እንጠራበታለን።

«ዝጉት» የሚሉት ሳያውቁ ቢሆን ባልተናደድኩ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት «መስኮት ክፈቱ» ብለው ሲመክሩ የሚውሉ ባለሙያዎች፣ ልደት ላይ ሲቀመጡ ከማንም ቀድመው «ዝጉት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ክፍል ውስጥ የተማሩትን ሳሎን ሲገቡ የሚረሱት ለምንድን ነው?

ስለዚህ ግቢ ካለ ግቢ ይቅደም። ነፋስ ከበዛ ድንኳን ተክሎ ሦስቱን ጎን መከለል፣ አንዱን ክፍት መተው ይበቃል። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ቢሆን ፀሐይዋ ታግዛለች፤ ለልጁ ሹራብና ባርኔጣ ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የግድ ቤት ከሆነ ደግሞ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን፣ መስኮትም ይከፈት። ልጅ ከተዝለፈለፈ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም። በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል።

ተረት፦ «በአዳራሽ ካልተከበረለት ልጁ ሲያድግ ይቆጨዋል።»

እውነታው፦ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ከሦስት ዓመቱ ገደማ ወዲህ ያለውን ነው። የአንድ ዓመት ልጅ አዳራሹን አያስታውሰውም፤ ዕዳውን የሚያስታውሰው አባቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ባዕድ ፊት ሲበዛበት ይፈራል፤ ስፒከር ሥር ሲያስቀምጡት ደግሞ ጆሮው ይጎዳል። አቅም ያለው ያድርገው፣ ለልጁ ነው ግን አይበል።

ተረት፦ «ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ለሕፃን ትሻላለች።»

እውነታው፦ ሙቀቷ እውነት ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች የወባ ትንኝ አለች፤ ትንኟም የምትናከሰው ሲመሽ ነው። በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ መውጣት ደግሞ ለልጅ ሆድ ቀላል አይደለም። ከሄዳችሁም ቀን አክብራችሁ ሳይመሽ ተመለሱ።

ተረት፦ «ክርስቲያንና ሙስሊም እንግዳ ካለ ሆቴል ይሻላል።»

እውነታው፦ ወሎ ይህን ጥያቄ ከመለሰው ቆይቷል። ስጋ ይቅር። ድፎ ዳቦ፣ ምስር፣ ሽሮና ፍራፍሬ ሁሉም የሚበላው ነው። ቀኑ ግን ይታይ፦ ረቡዕና ዓርብ ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክ ለጿሚው አይሆንም፤ በረመዳን ቀንም እንግዳ መጥራት ይከብዳል።

ተረት፦ «ፈንዲሻና ፊኛ የሌለበት ልደት አይደምቅም።»

እውነታው፦ ፈንዲሻ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቀው ይችላል፤ ኦቾሎኒና ቆሎም እንዲሁ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ፈንዲሻውን ለአዋቂዎች በሳህን አቅርቡ እንጂ መሬት ላይ አትበትኑ፤ ፊኛውንም ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ እሰሩ።

ቦታ ስትመርጡ እንግዲህ ስለ ጌጡና ስለ ፎቶው ከማሰባችሁ በፊት አየሩ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እዩ። «ዝጉት» የሚል ድምፅ ሲነሳም፣ ተናጋሪው የቤቱ ትልቅ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ በአክብሮት «እማማ፣ ልጁን እንሸፍነዋለን፤ መስኮቱ ግን ክፍት ይሁን» በሉ።