ሮቶው ለምን ማማ ላይ ይወጣል?

ግቢያችን የነበረው የድሮ ሮቶ 2,000 ሊትር ይይዝ ነበር። ሁለት ሜትር ገደማ በሆነ የብረት ማማ ላይ ተቀምጦ ብዙ ዓመት አገልግሎናል፤ ሻወሩ ግን ወደ ቤቱ ከገባንበት ቀን ጀምሮ እንዳኮረፈ ነው። ጠዋት ሮቶው ሙሉ ሳለ ደህና ይወርዳል። ማታ ሮቶው ሲጎድል ክር እያከለ ይቀጥንና ከራስ ላይ ሳሙና ለማስለቀቅ ጸሎት ያስፈልጋል። ነገሩን በገንዘብ ልገላገለው ብዬ 5,000 ሊትር የሚይዝ ገዛሁ። ብዙ ውሃ ብዙ ክብደት አለው፣ ብዙ ክብደት ደግሞ አጥብቆ ይገፋል፤ ሒሳቤ ይህ ነበር። ማማው ተጠናከረ፣ አዲሱ ሮቶ ወጣ። ሻወሩም ማኩረፉን ቀጠለ።

የተከለልን ቧንቧ ሠራተኛ ገና ወጣት ነው። ስነጫነጭ ሰምቶ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ውሃ እኮ ቁመት እንጂ ወርድ አይቆጥርም» አለኝ። «ሮቶውን ከሚያሰፉት ማማውን ቢያስረዝሙት ይሻልዎት ነበር።» ገንዘቡ ሳይወጣ ቢነግረኝ ምን ነበረበት!

ሮቶ መጀመሪያ የአንድ አምራች ስም ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ይሥራው ማን የፕላስቲክ ታንከር ሁሉ ሮቶ ይባላል። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከተማ የፈሳሽ ሜካኒክስ የሚባለውን ትምህርት ክፍል ሳይገባ ይማራል። ትምህርቱ የሚያጠናው ውሃና ዘይት፣ አየርና ጋዝ፣ በአጭሩ የሚፈስ ነገር ሁሉ ቆሞም ሆነ እየሄደ እንዴት እንደሚገፋና እንዴት እንደሚገፋበት ነው። የልጁ አባባል ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ውሃ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚወሰነው ከነጥቡ በላይ በቆመው የውሃ ከፍታ ነው። ጎን ለጎን የተኛው ውሃ የራሱን ወለል ይጫናል እንጂ የእኔን ቧንቧ አያግዝም። በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይገኛል። ጎሚስታ ለቤት መኪና ጎማ የሚሞላው ከ2 ባር አለፍ ይላል፤ ያንን ያህል በሮቶ ለማግኘት ሮቶውን ሰባተኛ ፎቅ ማውጣት ይጠይቃል። የእኔ ሻወር ራስና የሮቶዬ ወለል ደግሞ እኩል ከፍታ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሻወሩን የሚገፋው ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ጥልቀት ብቻ ነው፤ ሮቶው በጎደለ ቁጥር እሱም አብሮ ይጎድላል። 5,000 ሊትሩ ከ2,000ው በወርድ እንጂ በቁመት ያን ያህል አይበልጠውም። ገንዘቤ የሄደው ወደ ጎን ነው።

ይህን ነገር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥርዓት ያስያዘው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። ውሃ በሞላ በርሜል ክዳን ላይ ረጅም ቀጭን ቱቦ አቁሞ፣ በቱቦው ጥቂት ውሃ በማፍሰስ ብቻ በርሜሉን እንዳፈነዳው ይተረካል። ቱቦው 10 ሜትር ከሆነ በበርሜሉ ግድግዳ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል ተጨማሪ ጫና ያርፋል፤ ቱቦው የጣት ያህል ቢቀጥንም ለውጥ የለውም። የፓስካል ሌላው ግኝት ጋራዥ ሁሉ ውስጥ አለ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ አንድ ቦታ የተደረገ ግፊት ሳይቀነስ በሁሉም አቅጣጫ ይደርሳል። በዘይት የሚሠራ ክሪክ በትንሿ ፒስተን የተደረገውን ግፊት 50 እጥፍ ስፋት ላለው ፒስተን ሲያደርስ ጉልበቱም 50 እጥፍ ይሆናል። በነፃ ግን አይደለም፤ መኪናው አንድ ሳንቲ ሜትር እንዲነሳ ትንሿ ፒስተን በድምሩ 50 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለባት። መካኒኩ ደጋግሞ የሚረግጠው ለዚህ ነው። ፍሬንም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ፦ ፓምፕ ውሃ ይስባል የሚለው። ፓምፕ አየሩን ከቱቦው ያስወጣል እንጂ ውሃውን አይጎትትም፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። በጣሊያን የጉድጓድ ባለሙያዎች ፓምፓቸው ከ10 ሜትር በላይ አልስብ ሲላቸው ምሥጢሩ ጋሊሊዮን ሳይቀር ግራ አጋብቶት ነበር። የፈታው ተከታዩ ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ነው። በ1643 እ.ኤ.አ. አካባቢ በውሃ ፋንታ ከባዱን ሜርኩሪ ተጠቀመና አየር የሚሸከመው የሜርኩሪ ዐምድ 76 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሆነ አሳየ። የምንኖረው በአየር ባሕር ግርጌ ነው ማለት ነው፤ የባሕሩ ክብደት ደግሞ ልክ አለው።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ልኩ ያጥራል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር በላያችን ያለው አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ውሃን እስከ 10 ሜትር ማንሳት የሚችለው አየር እዚህ ከ8 ሜትር በታች ይቆማል፤ በተግባር ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። አፋፍ ላይ ተቀምጦ አልስብ ያለ ፓምፕ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ገመድ ታስሮለት ውሃው ውስጥ የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከታች ሆኖ ሲገፋ የአየር ልክ አያግደውም። ውሃ እዚህ ከተማ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላውና ባቄላ ለመብሰል የሚለግመው በዚሁ ስስ አየር ሰበብ ነው።

እስካሁን ውሃው ቆሟል። ሲንቀሳቀስ ጨዋታው ይለወጣል።

ቶሪቼሊ ከታንከር ቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነት ከውሃው ገጽ እስከ ቀዳዳው ካለው ከፍታ በወደቀ ድንጋይ ፍጥነት ልክ እንደሆነ አስልቷል። ከአንድ ሜትር ከፍታ በሰከንድ 4.4 ሜትር፣ ከአራት ሜትር ደግሞ 8.9 ሜትር። ልብ በሉ፦ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሃይድሮዳይናሚካ» ሐሳቡን አሰፋው። (አባቱ ዮሐን በርኑሊም በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ጻፈና ከልጁ የቀደመ እንዲመስል 1732 የሚል ዓመት ለጠፈበት። የሊቃውንት ቤትም ቅናት አያጣውም።) የበርኑሊ ሐሳብ በእኛ አነጋገር ሲቀመጥ፣ ውሃ አንድ ገንዘብ በሦስት ኪስ ይይዛል፤ ከፍታ፣ ግፊትና ፍጥነት። ከአንዱ ኪስ የወጣው ሌላው ውስጥ ይገባል። ቱቦው ሲጠብ ውሃው መፍጠን አለበት፤ ፍጥነቱን የሚገዛው ደግሞ ከግፊት ኪሱ ነው። ስለዚህ ጠባቡ ቦታ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ብዙዎቻችን ከምናስበው ተቃራኒ። የድሮዋ ቮልስ ካርቡሬተር የሚሠራው በዚህ ነው። አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲሮጥ ግፊቱ ይወድቃል፣ ቤንዚኑም ወደዚያ ይወጣል።

እንግዲያው መኪና የሚያጥበው ልጅ የውሃ ጎማውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲጫን ውሃው ርቆ የሚወረወረው ለምንድን ነው? «ሲጠብ ግፊት ይጨምራል» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ውሃ በቱቦ ሲሄድ በየሜትሩ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፤ ፍትጊያው እንደ ኬላ ቀራጭ ከከፍታው ላይ ይቆርጣል። የቀረጡ መጠን ደግሞ በፍጥነት ካሬ ገደማ ያድጋል። የጎማው አፍ ክፍት ሲሆን ውሃው በቱቦው ሙሉ ይሮጣልና ከሮቶው የተነሳው ግፊት አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቃል። ጣት ሲጫን ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ውሃው በቱቦው ውስጥ ይዘገያል፣ ቀረጡ ይቀላል። የተረፈው ግፊት ጣቱ ሥር ደርሶ በዚያች ጠባብ መውጫ ወደ ፍጥነት ይመነዘራል። ርቆ የሚሄደው ውሃ ባልዲ ለመሙላት ከበፊቱ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት።

ቀረጡን በቁጥር ያስቀመጡት ጀርመናዊው ዩሊየስ ቫይስባኽና ዲዦን ለሚባለው የፈረንሳይ ከተማ የቧንቧ ውሃ ያስገባው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ናቸው፤ ሁለቱም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች። ከሥራቸው ለቤት ሠሪ የሚጠቅመው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ከፍታውና ርዝመቱ ሳይለወጥ የግማሽ ኢንች ቧንቧ በአንድ ኢንች ቢተካ የሚያልፈው ውሃ እጥፍ አይሆንም፤ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በቧንቧ ዋጋ ላይ ጥቂት ብር ቆጥቦ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን የሠራው ተገልብጦ ነው።

ቀረጡ በፍጥነት ካሬ ያድጋል ያልኩት ውሃው ሲታወክ ነው። ይህን ለማየት ቡና ሲፈላ ዕጣኑን ተመልከቱ። ጭሱ ከማጨሻው ቀጥ ብሎ እንደ ክር ይወጣል፤ ትንሽ ከፍ እንዳለ ይጠማዘዝና ይበተናል። የቧንቧ ውሃም ሁለት ጠባይ አለው፤ ሲዘገይ በሥርዓት ተሰልፎ ይሄዳል፣ ሲፈጥን እርስ በርሱ ይተራመሳል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ለውጡ የሚመጣበትን ወሰን አገኘ፤ ወሰኑ የሚለካበት ቁጥር ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከቤት ቧንቧ የሚወርድ ውሃ ጠብ ጠብ ካላለ በቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚተራመሰው ነው።

ቧንቧ ሌሊት ሲያንኳኳ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ በቅጽበት ሲዘጋበት ከኋላው ያለው ውሃ ሁሉ እንደ መዶሻ ይመታል፤ የሚፈጠረው ግፊት ከ10 ባር ይበልጣል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ይህን መርምሮ ቀመር አወጣለት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትልቅ ቫልቭ ቀስ ተብሎ ይዘጋል።

አሁን ከግቢዬ ወጥተን ወደ ኦሞ እንሂድ። በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 2 ኃይል ማመንጫ ታላቅ ግድብ የለውም። ከግልገል ጊቤ ጣቢያ የወጣውን ውሃ ይቀበልና የፎፋን ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወስደዋል። ዋሻው ከምረቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በከፊል ተደርምሶ ጣቢያው ለወራት ቆሞ ነበር፤ ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመልሷል። የሚፈለገው ነገር በተራራው ማዶ ያለው 500 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ነው። ዋሻው ስፋቱ ከ6 ሜትር በላይ የሆነው ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሄድና ቀረጡ እንዲቀንስ ነው። ታች ሲደርስ የቶሪቼሊ ሒሳብ በሰዓት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሰጠዋል፤ በዚህ ፍጥነት የተወረወረው ውሃ ጭልፋ መሳይ ክንፎች ያሏቸውን አራት የፔልተን ተርባይኖች ይመታል። 420 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚያስፈልገው በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሌላውን መንገድ የመረጠ ነው። ቁመቱ 145 ሜትር ነው፤ ከጊቤ 2 ከፍታ ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሜጋ ዋት አራት እጥፍ ገደማ ውሃ ይጠይቃል፤ ዓባይ ደግሞ ያንን ውሃ አለው። በ13 ፍራንሲስ ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የሚያወጣው በዚህ ነው። እንግዲህ ቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ያለኝ ለግፊት ልክ ነው፤ ጉልበት ሲለካ ግን ውሃ ቁመትንም ብዛትንም ይቆጥራል፣ ሁለቱን ያባዛል። ለሻወር የሚያስፈልገው ግፊቱ ነው።

ማማዬ አሁን 5 ሜትር ሆኗል፤ ሮቶው ሊያልቅ ሲልም ሻወሩ አያኮርፍም። የእናንተን ከማስረዘማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው፤ ሁለት ሜትር ላይ የቻለው ብረት አምስት ሜትር ላይ ላይችል ይችላል። ብረቱንም መሠረቱንም መጀመሪያ ለመሐንዲስ አሳዩ።